የታታ የቀን መቁጠሪያ፦ የአንዲት ልጅ ያዥ ጉዳይ በደብረ ብርሃን

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ማታ የግቢያችን ባለቤት እማማ በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ጋቢሽን ደርቢና ነይ። ባንክ የምትሠራዋና ሠራተኛዋ ሊለያዩ ነው፤ ብቻዬን አልችላቸውም» አሉኝ። የደብረ ብርሃን የጥቅምት ውርጭ አጥንት ይሰብራል። ጋቢዬን ደርቤ ተከተልኳቸው።

ስንገባ እናት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አባት ቆሟል። ልጅ ያዧ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ የሁለት ዓመት ከመንፈቋን ሕፃን ታቅፋለች፤ ልጅቷ እንቅልፍ ወስዷታል። ሴትየዋ ከዚያ ቤት ልትወጣ ነው፣ ልብሷም በፌስታል ተቋጥሮ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ ልጅቷ ግን እቅፏ ውስጥ ነች። «ልጄን ስጪኝ» ያላት ሰው የለም። እኔን መጀመሪያ የነካኝ እሱ ነው።

ይህን የምጽፈው ሁለቱንም ጠይቄ ፈቅደውልኝ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ማንነታቸውን የሚጠቁም ነገርም ለውጫለሁ። ልጅ ያዧን ሕፃኗ አፏን ስትፈታ በጠራቻት ስም «ታታ» እላታለሁ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ በዚያው ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ከዚያ ማታ ወዲህ ከታታ ጋር ልብስ እያሰጣን፣ ቡና እየጠጣን ለወራት አውርተናል። የሰፈሩን ሌሎች ልጅ ያዦችም ጠይቄያለሁ። ማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፦ ታታ ደመወዝ የሚከፈላት ለየትኛው ነገር ነው ብላ ታምናለች?

አመጣጧ

ታታ የመንዝ ልጅ ናት፤ ከሞላሌ ወዲያ ካለ ገጠር። ትምህርቷ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በ19 ዓመቷ ወንድ ልጅ ወለደች፣ ትዳሯ ወዲያው ፈረሰ። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው ለእናቷ ትታው በመዘዞ፣ በጣርማ በር አድርጋ ደብረ ብርሃን መጣች። ይዛ የመጣችው ትንሽ ልብስና እናቷ ከፈተሉት የበግ ጠጉር የተሠራ ባና ነው። ያ ባና በኋላ የሕፃኗ መኝታ ሆነ።

ያስመጣት የቤቱ ጭንቀት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። የእናት እናት ከአረርቲ መጥተው ልጃቸውን አርሰዋል፤ ንግድ ስላላቸው ግን ከክርስትናው ማለፍ አልቻሉም። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። በ80ኛው ቀን ክርስትናው ተነሣ፣ በማግስቱ አያት ተመለሱ፣ በ90ኛው ቀን ደግሞ ፈቃዱ ያልቃል። በመካከል ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ የማያውቁትን ሰው አግኝተው፣ አምነው፣ ገና አንገቷ ያልጸና ልጃቸውን ማስረከብ ነበረባቸው። እናት ስለዚያ ሳምንት ስታወራ እስከ ዛሬ ድምጿ ይለወጣል።

ደላላው ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን ወሰደ። ከተማው ውስጥ የምትኖር የአጎቷ ልጅ ተያዥ ሆነችላት። ሐምሌ 2014 ላይ በወር 1,800 ብር ሥራ ጀመረች። ሥራው ምንድነው ስትል ደላላው «ልጅ መያዝ ብቻ» ብሏታል።

«ብቻ» የተባለውን እኔ በመስኮቴ አየው ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የኩሽናው መብራት ይበራል። ጡጦ ይቀቀላል፣ አጥሚቱ ይሞቃል። እናት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትወጣለች። ከዚያ ገንፎ ነው፣ ገላ ማጠብ ነው፣ ፀሐይ ማሞቅ ነው። እጅ የሚያደነዝዘው ውኃ ልብስ ሲታጠብበት የታታ ጣቶች ቀልተው ያብጣሉ፤ ሕፃኗን ከማንሣቷ በፊት እጇን በብብቷ ሥር ታሞቃለች። ይህን ያስተማራት የለም። «በቀዘቀዘ እጅ ስነካት ትደነግጣለች» አለችኝ። ልጅቷ ጥርስ ስታበቅል እንቅልፍ ባጣችባቸው ቀናት በአንቀልባ አዝላት፣ በግቢው ዳርና ዳር እየተመላለሰች እሹሩሩ ስትል አንድ ሰዓት የሚሞላ ጊዜ ይሄዳል። ከስድስተኛው ወር በኋላ ደግሞ ሌሊቱም የታታ ሆነ፤ እናት በማግስቱ ገንዘብ ስለምትቆጥር መሳሳት የለባትም ተብሎ የልጅቷ አልጋ ወደ ታታ ክፍል ተዛወረ። በዚህ ላይ ማንም አልተነጋገረም፤ ቀስ በቀስ እንዲሁ ሆነ።

ጠቡ

በ2017 መጀመሪያ ደመወዟ 2,500 ብር ደርሶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሁሉም ነገር ዋጋ እንዴት እንደሄደ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ታታ በየወሩ ለእናቷና ለልጇ በቴሌብር የምትልከው 1,000 ብር ሞላሌ ገበያ ላይ የሚገዛው ነገር አነሰ። በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያን የምታውቃት ሴት ሌላ ቤት በ4,000 ብር እንደሚፈለግ ነገረቻት። ታታ መጥታ ለአሠሪዋ ነገረች፦ እንዲህ የሚል ቤት አለ፣ እናንተም ብታደርጉልኝ እቀራለሁ።

እናት ያን ቀን የተናገረችውን ሁለቱም ቃል በቃል ያስታውሱታል። «እንደ እህቴ ነው ያየሁሽ። ልጄን እንደምትወጃት አውቃለሁ። እንዴት በልጄ ትደራደሪብኛለሽ?»

እዚህ ላይ ስለ እናት አንድ ነገር ልበል፣ ክፉ ሴት አይደለችምና። ደመወዝ አዘግይታ አታውቅም፤ «እያጠራቀምኩልሽ ነው» እያሉ የሠራተኛ ላብ የሚይዙትን ታወግዛለች። አብረው ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሌላ ቁስል ግን ነበራት። ልጅቷ አንድ ዓመት ተኩል ሲሆናት ታታን «እማ» ማለት ጀመረች። እናት ከሥራ ስትገባ ልጅቷ ወደ ታታ ጉያ ትሸጎጣለች። «በሬን ስከፍት እንግዳ የሆንኩ ይመስለኛል» ብላኛለች። የደመወዙ ጥያቄ የመጣው በዚህ ቁስል ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን የሰማችው ልጇን አስይዘው ገንዘብ እንደጠየቋት አድርጋ ነው።

ያን ቅዳሜ ማታ እማማ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለው ወደ ታታ ዞሩ። ታታ ቀና አላለችም። «በልጅቷ አልተደራደርኩም፣ እማማ። በሌሊቱ ነው የተደራደርኩት» አለች። ከዚያ አባትን «ጋሼ፣ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ያለውን ያምጡልኝ፤ እኔ ከተነሣሁ ትነቃለች» አለችው።

አባት ይዞ የመጣው የቅዱሳን ሥዕል ያለበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነበር። በየቀኑ ሳጥን ውስጥ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተነጠቡ ነጥቦች አሉ፤ አንዳንዱ ሳጥን ላይ ሦስት፣ አንዳንዱ ላይ አንድ። ጥቂት ሳጥኖች ደግሞ ዙሪያቸው ተከብቧል። ነጥብ ማለት ልጅቷ ሌሊት አንድ ጊዜ ተነሥታለች ማለት ነው። ክቡ ደግሞ እስኪነጋ አልተተኛም ማለት ነው። መጀመሪያ የጀመረችው ለክስ ብላ አይደለም። ልጅቷ ሳል ይዟት ጤና ጣቢያ በሄዱ ጊዜ ነርሷ «ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሣለች?» ብላ ጠየቀች፤ እናት መመለስ አልቻለችም፣ ታታም በትክክል አላስታወሰችም፣ አፈረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መነጠብ ያዘች፣ ሳሉም ካለፈ በኋላ አልተወችውም።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው የመስከረምን ወር በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። 41 ነጥብ፣ አራት ክብ። አባት «አራት ሌሊት ሙሉ? እኛ የት ነበርን?» አለ። ታታ ቀስ ብላ «ተኝታችሁ ነበር» አለችው። ንግግሯ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የጠየቃትን መለሰችለት እንጂ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው የለም።

ታታ ሥራዋን እንዴት ትረዳዋለች

«ሥራሽ ምንድነው?» ብዬ በሌላ ቀን ጠየቅኋት። «ልጅ ያዥ ነኝ» አለች። «ሞግዚት» አትልም። አሠሪዋ በበኩሏ ቢሮ ስታወራ «ሞግዚቴ»፣ ቤት ውስጥ «ሠራተኛችን» ትላለች። ቃሉ በቋንቋችን ከባድ ክብር ያለው ነው። ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ ራስ ተሰማ ናደውን የሰየሙት ሞግዚት አድርገው ነው። የቤተሰብ ሕጋችንም እናትና አባትን የልጃቸው «አሳዳሪና ሞግዚት» ይላቸዋል። አንድ ቃል መንግሥት የሚጠብቀውንም ራስ፣ አጥሚት የምታሞቀውንም ሴት ይጠራል። ታታ ግን ቃሉ ለእሷ የተሰፋ ልብስ አይመስላትም። «እኔ እይዛለሁ፤ የያዝኩትን ደግሞ ባለቤቱ ሲመጣ እሰጣለሁ» አለችኝ።

ገንዘቡን በተመለከተ ሐሳቧ ጥርት ያለ ነው። ደመወዙ የድካሟ ነው፤ የእጇ፣ የእንቅልፏ፣ ከአገሯ የራቀችበት ቀን። «ውደጃት ብሎ ያዘዘኝ የለም። ስለ ፍቅሩም ዋጋ አልጠየቅሁም» ትላለች። ታዲያ ፍቅሩን ከሥራው ለይተሽ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ ስላት ሣቀች። «ልጅ እኮ እንደ ሰሐን አይታጠብም። የማትወጂው ልጅ ያውቅብሻል፤ ገንፎውን ይተፋብሻል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ካልወደድሽው ሥራው አይሠራም።» ስለዚህ ፍቅሩ ሥራውን የሚሠራላት ነገር ነው፤ ሥራው ደግሞ ፍቅሩን ይወልደዋል። ማንም የማይከፍልበት፣ ያለ እሱ ግን የሚከፈልበትም ነገር የማይሆን ነው።

«እንደ እህቴ» የሚለውን ቃል በሚመለከት ግን ሌላ ታሪክ ነገረችኝ። በ2015 ክረምት ልጇን ለአንድ ሳምንት ደብረ ብርሃን አምጥታ ልታሳየው አሠሪዋን ፈቃድ ጠይቃ ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው ተባለች። በእርግጥም ጠባብ ነው። «ያን ቀን አወቅሁት» አለች፣ ሳታለቅስ፣ ልብስ እያጠፈች። «የእህት ልጅ ቢሆን ወለል ላይም ይተኛ ነበር። ሠራተኛ ነሽ ካሉኝ ግን አልከፋኝም። ሠራተኛ ከሆንኩ ሰዓት አለኝ፣ እረፍት አለኝ፣ ልጠይቅ እችላለሁ። እህት ካልሽኝ ምን ብዬ እጠይቅሻለሁ?»

እኔ እዚህ ላይ ከታታ ጋር ነኝ። «እንደ ቤተሰብ» የሚለው ቃል ከልብ የሚነገር ነው፤ ስንት ቤት ውስጥ በቅንነት ሲነገር ሰምቻለሁ። የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ደመወዝ ወይም እረፍት ሲጠየቅ ነው። ልጅ ያዧ ታምማ ስትተኛ፣ ልጇ ሲናፍቃት፣ ወንድሟ ሲሞት ቃሉ ያን ያህል አይሠራም።

ሌሎቹ እንደዚህ አያስቡም። ጎረቤት ግቢ የምትሠራው የ16 ዓመት ልጅ «እኔ ሞግዚት አይደለሁም፣ ተማሪ ነኝ» ብላ ነው የመለሰችልኝ፤ ማታ ማታ ትማራለች፤ ልጅ መያዙ እስክትሻገር የቆመችበት ድንጋይ ነው። በተመላላሽነት የሚሠሩ አንዲት እናት ደግሞ አምስት ወልደው ያሳደጉ፣ የያዙትን የሌላ ሰው ልጅ ቁጥር የረሱ ናቸው። «የልቅሶውን ዓይነት አውቃለሁ» አሉኝ። «የራብ አለ፣ የሆድ ቁርጠት አለ፣ የእንቅልፍ አለ፣ የብልጠት አለ። ለዚህ ነው የሚከፍሉኝ።» የእሳቸውን ንግግር ለታታ ስነግራት ደነቃት። በእኛ አገር «ባለሙያ ሴት» ሲባል ወጧና እንጀራዋ ያማረ፣ ፈትሏ የቀጠነ ማለት ነው። ልጅ አሳድጋ «ባለሙያ» የተባለች ሴት ታታም እኔም አናውቅም። እንደ ተፈጥሮ ስለሚታይ፣ ማንም ሴት ይዛው እንደምትወለድ ስለሚታሰብ ይመስለኛል ዋጋውም የወረደው።

በዚህ ላይ ገበያው አለ። ታታ ብትወጣ በማግስቱ ሌላ ሴት እንደምትገኝ ሁለቱም ወገን ያውቃሉ፤ ከገጠር የሚመጣው አለ፣ ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅሎ በከተማዋ መጠለያ ያለው ወገን አለ። ተፈናቅላ ልጅ ይዛ የምታድር እናት በዋጋ አትከራከርም።

ሕጉስ

ከእማማ ጋር ሽምግልና ስንቀመጥ የምንመረኮዝበት ነገር ብፈልግ ብዙ አላገኘሁም። አዋጅ 1156/2011 በአንቀጽ 3 ትርፍ ለማግኘት ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ያወጣዋል፤ ዝርዝሩንም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ያሳድረዋል። ለእናት 120 ቀን የሰጣት አዋጅ ለታታ ደጁን ዘግቶባታል፤ የአንዷ መብት ሲያልቅ የሌላዋ ሥራ ይጀምራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ ጥቂት ነገር አለው፤ አሠሪው ስለ ማደሪያው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሥራና ዕረፍት ሰዓቱ የሠራተኛውን ጤና ለመጠበቅ የሚገባውን ማድረግ አለበት ይላል። ይህን ለአባት ሳነብለት «የዕረፍት ሰዓት» የሚለው ላይ አስቁሞኝ ድጋሚ አስነበበኝ።

የተስማሙበት

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግመን ተቀመጥን። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ እኔ ጻፍኩ። ደመወዝ 3,500 ብር። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትተኛለች። እስኪነጋ የተነቃበት ሌሊት ካለ ታታ በማግስቱ ረፋድ ድረስ ትተኛለች፣ ከወላጆቹ አንዱ ከሥራ አርፍዶ ይገባል። እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ የራሷ ነው። ለፋሲካና ለአዲስ ዓመት አምስት አምስት ቀን ደመወዝ ሳይቆረጥ አገሯ ትሄዳለች። ሁለት ኮፒ ሆነ፤ ታታ ስሟን ጻፈች፣ እማማ አውራ ጣታቸውን አተሙ።

ሌላው ቤት 4,000 እየሰጣት ለምን በ3,500 ቀረች? ጠየቅኋት። ምላሿን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። «እዚያ ብሄድ አዲስ ልጅ ልወድ ነው። እሱ ራሱ ድካም ነው፣ እትዬ። አንዷን ለመልመድ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል፤ ከእሷ ለመላቀቅ ደግሞ ስንት እንደሚፈጅ አላውቅም።» አምስት መቶ ብሩን አስልታ ነው የተወችው። በየወሩ ከደመወዟ የምትከፍለው የመውደድ ዋጋ ነው ብዬ ሳስብ ይከብደኛል፤ አሠሪዎቿም ይህን ሳያውቁ እንደሚጠቀሙበት ነግሬያቸዋለሁ። እናት ሰምታ ዝም አለች። ከጥር ጀምሮ ግን 4,000 አደረጉት።

ወረቀቱ ላይ ያልገባ አንድ ጉዳይ ነበር። እናት ልጅቷ «እማ» ማለቷን እንድታስተዋት ታታን ለመነቻት። ታታ እሺ አለች። ልጅቷ «እማ» ባለች ቁጥር «ታታ በይኝ፣ እማ ሥራ ናት፣ ማታ ትመጣለች» እያለች ለሳምንታት አረመቻት። ከግቢ ሆኜ እሰማት ነበር። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊትም ሥራውን ሠራ፤ በገና ሰሞን ልጅቷ «እማ» ስትል ዘወር የምትለው እናት ሆነች።

ፋሲካ በ2017 ሚያዝያ 12 ነበር። ታታ ለጸሎተ ሐሙስ በሌሊት ተነሥታ፣ ለልጇ ጫማና ሹራብ ይዛ መንዝ ወረደች፤ ማክሰኞ ማታ ተመለሰች። ረቡዕ ልብስ ስናሰጣ ልጇ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። አድጓል፣ ጥጃ ይጠብቃል፣ ጫማው ጠቦታል አለች። ቀጥላም «በስሜ ነው የጠራኝ» አለችኝ። «እማ የሚላት እናቴን ነው። እናቴ ልታርመው ስትል ተይው አልኳት።»

የሕፃኗን ሹራብ ጨምቃ ገመዱ ላይ ዘረጋች፣ እጇንም በብብቷ ሥር አሞቀች፤ ልጅቷ ከእንቅልፏ ተነሥታ ከውስጥ እየጠራቻት ነበር።